የጄጁ ሴቶችና የጎማው ልብስ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ልውሰዳችሁ። እዚያ «ሄኒዮ» የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ «የባሕር ሴቶች» ማለት ነው። ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር አረም ይለቅማሉ።

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በዚያ ብርድ የሚጠልቁት በስስ የጥጥ ልብስ ነበር። ውሃ ደግሞ የገላን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየወጡ ባሕር ዳር፣ ድንጋይ በታጠረ ቦታ፣ እሳት ይሞቃሉ። ወሬው፣ ምክሩ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ እዚያው እሳት ዳር ነው።

ታዲያ ምን መጣ? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሂው ብራድነር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጠላቂ ቢረጥብም ሊሞቅ ይችላል። ብርዱን የሚከለክለው ኒዮፕሪን በሚባለው ጎማ ውስጥ የታመቀው የጋዝ አረፋ ነው። ልብሱ ገላ ላይ ልክክ ካለ በቃ! ከሰፋ ቀዝቃዛ ውሃ ይመላለስበታል፤ አንገት ላይ ካነቀ ደግሞ ራስ ያዞራል። ኮፍያውም እንደዚያው፤ ጆሮና አንገት ይሸፍን እንጂ አገጭ ሥር አይነቅ።

ይህ ልብስ ጄጁ ሲደርስ ሴቶቹ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ቻሉ። ግን ምቾትም ዋጋ አለው እኮ! አጥኚዎች እንዳዩት፣ ሰውነታቸው የለመደው ብርድ የመቋቋም አቅም በጥቂት ዓመታት ጠፋ። እሳት ዳሩም በሙቅ ውሃ መታጠቢያ ቤት ተተካ።

ድሮ «ውጡ» የሚላቸው ብርዱ ነበር። ዛሬ የሚጠልቁበትን ቀንና ሰዓት በማኅበራቸው ተመካክረው ይወስናሉ፤ ያለዚያ ባሕሩም እነሱም ያልቃሉ።