ከጕሮሮ ሕመም እስከ ልብ ቀዶ ሕክምና

ስለ ልብ ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ቀዶ ሕክምናው ነው። እኛ ግን የአገራችንን ሁኔታ ስንመረምር ታሪኩ ከጕሮሮ መጀመር እንዳለበት ተረድተናል።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፥ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፥ ሕፃን ጕሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወረደ» ይባላል፤ የሚያስቈርጡለትም ወላጆች አሉ። ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ከሆነ ግን እንጥል መቍረጥ አያጠፋውም። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ይከተላል። ያበጠው መገጣጠሚያ ይድናል፤ የልብ ቫልቭ፥ ይኸውም የደም መተላለፊያው በር፥ ከተጐዳ ግን ጕዳቱ ሊቀር ይችላል።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1923 ኤሊየት ከትለር የተባለው ሐኪም በቦስተን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ የጠበበ የልብ ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ከፈተ። በ1953 ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ መሣሪያ እየተረዳ ልብን ከፍቶ አከመ። በ1960 ሰው ሠራሽ ቫልቭ መተካት ተጀመረ። በ1950 ግን በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሰፈር የተደረገ ጥናት የጕሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ቢታከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አስረድቶ ነበር። ስለዚህ መከላከያው ከሰው ሠራሹ ቫልቭ 10 ዓመት ቀድሞ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን በ1989 መሠረቱ፤ ሕፃናትም ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ጀመር። በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር ከ100 የዚህ በሽታ ሕሙማን በዓመት 12 ወይም 13 ይሞቱ እንደ ነበር ገለጸ። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በልዩ ልዩ ክልሎች ትምህርት ቤቶች ከተመረመሩት ከ1000ው በ19ኙ ላይ በሽታውን አገኘ።

እነዚህ ቍጥሮች ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ ያመለክታሉ። የታመመ ጕሮሮ በጊዜው ሊታከም የሚችለው እዚያ ነው፤ አንድ ጊዜ ትኩሳቱ የያዘው ልጅም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ መውጋት ያስፈልገዋል። ቀዶ ሕክምና ያዳናቸው ልጆች በመዝገብ ተቈጥረዋል፤ በመርፌው ምክንያት ልባቸው ሳይታመም የቀሩት ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም። የልብ ሕክምናን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ጕድለት ሊያስብበት ይገባል እንላለን።