ፔጅራንክ

ፔጅራንክ ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚመሩ ሊንኮችን ብዛትና ክብደት በማስላት የገጹን ተሰሚነት በቁጥር የሚገልጽ፣ ጉግል የፍለጋ ውጤቶችን በደረጃ ለማስቀመጥ የተጠቀመበት ስሌት ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ሳሉ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳበሩት። መነሻው የሳይንስ ጽሑፍን ዋጋ በሌሎች ጽሑፎች በመጠቀሱ የመመዘን የቆየ ልማድ ነው።

ከተራ ቆጠራ የሚለየው፣ ይህም ዋነኛ ጥንካሬው ነው፣ ሊንኮችን እኩል አለማየቱ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ያለውን ክብደት ሊንክ ላደረገላቸው ገጾች ያከፋፍላል። የሚከፋፈለው ክብደት በተለመደው የ0.85 ማባዣ ሲባዛ፣ ክብደቱ 1 የሆነና አራት ሊንኮች ያሉት ገጽ ለእያንዳንዳቸው 0.21 ገደማ ያስተላልፋል፤ ሊንኮቹ መቶ ከሆኑ ግን ድርሻው ወደ 0.0085 ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ታዋቂ ገጽ የተገኘ ሊንክ ከማይታወቁ ገጾች ከተሰበሰቡ ብዙ ሊንኮች ሊበልጥ ይችላል። ተቀባዩ ገጽም ያገኘውን መልሶ ስለሚያካፍል፣ ስሌቱ ውጤቱ እስኪረጋ ድረስ ይደጋገማል።

የስሌቱ ስኬት የሊንክ ሽያጭንና ለማታለል ብቻ የተሠሩ የድረ ገጾች መረብን አስከተለ። ጉግል በ2005 የድረ ገጹ ባለቤት ምስክርነት የማይሰጥበትን ሊንክ የሚለይ «ኖፎሎው» የተባለ ምልክት አስተዋወቀ፤ በ2012 ደግሞ «ፔንግዊን» በተባለው ማሻሻያ ሰው ሠራሽ ሊንኮችን የሚያከማቹ ድረ ገጾችን ደረጃ ዝቅ አደረገ። የገጾችን ፔጅራንክ ለሕዝብ ማሳየት በ2016 ቀርቷል፤ ሊንኮች ግን ከሌሎች በርካታ መመዘኛዎች ጋር ዛሬም ግምት ውስጥ ይገባሉ።