«ጎረቤቶቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

ደላላ ነኝ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ «ሪልተር» ይሉናል። ፈቃድ አለን፣ ፎቷችን ያለበት ቢዝነስ ካርድ አለን፣ እሑድ እሑድ የሰው ቤት በር ላይ ቆመን ፈገግ የምንልበት «ኦፕን ሐውስ» የሚባል ሥርዓትም አለን። እናቴ ግን ለጎረቤቶቿ «ልጄ አሜሪካ ድለላ ላይ ነው» ነው የምትለው። አልተሳሳተችም።

እውነቱን ለመናገር የአዲስ አበባ ደላላ ከእኔ ይሻላል። ቤት ሊያሳያችሁ ሲወስዳችሁ የሰፈሩን ሰው በሙሉ መንገድ ላይ ይተርክላችኋል፤ አከራይዋ የየት አገር ሰው እንደሆነች፣ ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ፣ የጎን ቤቱ ሰውዬ ለምን እስካሁን ሚስት እንዳላገባ። እኔ ከነዚህ አንዱን ብናገር ፈቃዴን ላጣ እችላለሁ።

ባለፈው ጸደይ አንድ ደንበኛዬን፣ ጋሼ የምላቸውን ሰው፣ 17ኛ ጎዳና አጠገብ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ይዣቸው ሄድኩ። ቤቱ የሚፈለገው ሆስፒታል ለምትሠራው ልጃቸው ነው። ከመኪና ወርደን ስንራመድ ጋሼ ዓይናቸው ሥራ አላጣም። መስኮት ላይ የተሰቀለ የቀስተ ደመና ባንዲራ አዩ። ውሻ ይዘው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ወንዶች አዩ። «ፍራንክ ካሚኒ ዌይ» የሚል የጎዳና ምልክት አነበቡና «ካሚኒ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፦

«ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ። እዚህ ሕንፃ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«ጋሼ፣ ይህን መመለስ አልችልም።»

«አታውቅም?»

«ሕጉ ነው የማይፈቅድልኝ።»

«እና ምኑን ነው የምትደልለው?»

ሳቅን። ነገሩ ግን አላለቀም። ለጋሼ ጀምሬ ያልጨረስኩትን ታሪክ ለእናንተ ልጨርሰው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

መልሱ ሥራ በነበረበት ዘመን

ድሮ ድሮ «ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ለሚለው መልስ መስጠት የደላላው ዋና ሥራ ነበር። የአሜሪካ የቤት ደላሎች ብሔራዊ ማኅበር በ1924 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ዘሩ ወይም የመጣበት አገር የሰፈሩን ዋጋ ያወርዳል የተባለ ሰውን ወደ ሰፈሩ ማስገባት ለአባል የተከለከለ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው በሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ነው! ዘርን የሚጠቅሰው ቃል የወጣው በ1950 ነው።

ደላላው ቢረሳ እንኳ ወረቀቱ አይረሳም ነበር። እኛ ካርታ የምንለው የቤት ሰነድ ላይ «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ቃል ይጻፍ ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ብራያንት ጎዳና ላይ፣ የኸርድ ቤተሰብና ሌሎች ጥቁሮች እንዲህ ያለ ቃል ያለባቸውን ቤቶች ገዙ፤ ነጭ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው። ቻርልስ ሐሚልተን ሂውስተን የሚባል ጥቁር ጠበቃ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ ሜይ 3 ቀን 1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ።

ውሉን ማስፈጸም ቀረ እንጂ ልማዱ አልቀረም። የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት መድልዎ ሕግ የተፈረመው ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖትና የመጡበት አገር ቤት ለመከልከል ምክንያት መሆናቸው ቀረ። ደላላም ደንበኛውን «አንተ ለዚህኛው ሰፈር ትስማማለህ» ብሎ በዘሩ መምራት ተከለከለ። «የመጡበት አገር» የሚለው እኔንና እናንተን እንደሚጨምር አትርሱ።

ስም የማይጠየቅበት ክፍል

ካሚኒ ማነው? አሁን ወደ እሱ ልምጣ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ቃል አንድ ነገር። በአማርኛ ለነዚህ ሰዎች የምንጠቀምበት የተለመደ ቃል ስም ሳይሆን ክስ ነው። እኔ ራሳቸውን በሚጠሩበት «ጌይ» እላለሁ። የሰውን ስም አስተካክሎ መጥራት ጨዋነት ነው ብለው ነው ያሳደጉን።

ዋሽንግተን የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሐወር የፈረሙት ትእዛዝ «የወሲብ ብልሹነት» የሚለውን ከመንግሥት ሥራ ማባረሪያ ምክንያቶች አንዱ አደረገው። በዚህ የተነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራቸውን አጡ። ፍራንክ ካሚኒ ከነሱ አንዱ ነው። የሃርቫርድ ዶክትሬት ያለው የከዋክብት ተመራማሪ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሰው ነበር። በሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት ሲሠራ በ1957 ተባረረ። ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ እሱ ከሰሰ። በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለው። እሱም በዚያው ዓመት ማታሺን ሶሳይቲ ኦፍ ዋሽንግተን የሚባለውን ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ። ኤፕሪል 17 ቀን 1965፣ 10 ሰዎች ሆነው፣ ወንዶቹ ሱፍና ከረባት ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው፣ ኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። እገዳው ለአብዛኛው የመንግሥት ሥራ የተነሣው በ1975 ነው። መንግሥት ካሚኒን በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2009። ጎዳናው በስሙ በተጠራ በዓመቱ፣ በ2011፣ ሞተ።

ይህ ከቤት ኪራይ ጋር ምን አገናኘው? በእንዲህ ያለ ከተማ የአከራይ ወሬ ብቻ ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ማንነትህን የማይጠይቅ ሰፈር ከወርቅ ይበልጣል። ዱፖንት ሰርክል ዙሪያ ያሉት የሀብታም ቤቶች በዘመናት ውስጥ ተሸንሽነው በክፍል በክፍል የሚከራዩ ሆነው ነበር። ላጤ ይበዛል፣ ኪራይ ይረክሳል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። 17ኛ ጎዳና ላይ በ1948 የተከፈተ አንድ ሥጋ ቤት አለ፤ አኒስ ይባላል። ሲወራ እንደኖረው፣ አኒ ሁለት ወንዶች ከጠረጴዛ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው አይታ «ከላይም አድርጉት፣ እዚህ ችግር የለም» አለቻቸው። አንድ ሰፈር በአንድ አስተናጋጅ ቃል ሊጀመር ይችላል።

ከዚያ ሕጉ ተከተለ። በኖቬምበር 1973 የዲሲ ምክር ቤት በሥራ፣ በቤትና በአገልግሎት መስጫዎች በወሲብ ዝንባሌ መድልዎ እንዳይደረግ ደነገገ፤ በአሜሪካ ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1977 ደግሞ ይህ የከተማዋ የሰብአዊ መብት ሕግ አካል ሆነ። የእኔ አፍ የተዘጋው ያኔ ነው። የደላሎቹ ማኅበር ግን ይህን በራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ያስገባው ገና በ2011 ነው።

የተቃጠለ ጎዳና፣ የረከሰ ቤት

ኪንግ በተገደለበት ምሽት 14ኛና ዩ ጎዳና የሚገናኙበት ላይ ቁጣ ፈነዳ። በአራት ቀን ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ሕንፃዎች ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ 14ኛ ጎዳና ለብዙ ዓመታት ባዶ ሱቅና ሴተኛ አዳሪ የቆመበት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። በ1950 ከ800 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2000 ወደ 572 ሺህ ወርዶ ነበር።

ሰው ሲሸሽ ቤት ይረክሳል። ቤት ሲረክስ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይፈለግ ሰው ይገባል። በ1974 ዱፖንት ሰርክል አጠገብ፣ 20ኛ ጎዳና ላይ፣ ላምዳ ራይዚንግ የሚባል የጌይ መጻሕፍት መደብር ተከፈተ፤ የከተማዋ የመጀመሪያው የጌይ ፕራይድ በዓል በ1975 የተደረገው እዚያው መደብሩ ደጃፍ ነው። ቀስ በቀስ ጌዮቹ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሎጋን ሰርክል፣ ዘለቁ። ጣሪያቸው የሚያፈስ ትልልቅ አሮጌ ቤቶች ገዝተው በእጃቸው ጠገኑ።

እኛስ? እኛም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ምክንያት፣ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ጎዳና ነው የገባነው። በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ ቀይ ሽብር መጣ። ማማ ደስታ የሚባለው ምግብ ቤት በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ ተከፈተ። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ሲወጣ በሱዳን በኩል የወጡት መምጣት ጀመሩ። አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛ ጎዳና ላይ ክፍል ተከራዩ፤ ከዱፖንት ሰርክል በእግር ይደረሳል። ወንዶቹ ፓርኪንግ ሠሩ፣ ታክሲ ነዱ። መምረጥ ችለን አልነበረም። የምንከፍለውን የሚቀበል፣ ስማችንን መጥራት ቢያቅተውም ገንዘባችንን የማይመልስ ሰፈር ነበር።

በእኛ ቤት ስለ ጌዮች የሚባለውን ታውቃላችሁ። አገራችን ላይ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም ያስራል። ከመካከላቸው አማርኛ የሚናገሩ፣ ከእኛው ጋር እንጀራ እየበሉ ዝም ያሉ መኖራቸውን ግን አንናገርም። ለነሱ ይህ ሰፈር ሁለት ጊዜ ስደት የተገባበት ነው።

ዋጋ የጠየቀው ጥያቄ

ሰፈሩን ቅዱስ አላድርገው። በ1970ዎቹ የነጭ ጌዮች ጭፈራ ቤቶች በር ላይ ጥቁር ሲመጣ ሁለትና ሦስት መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። ጥቁር ጌዮች የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ ዲሲ ብላክ ፕራይድ በ1991 የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤድስ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ። ዊትማን ዎከር የሚባለው ክሊኒክ በ1993 14ኛ ጎዳና ላይ በኤልዛቤት ቴይለር ስም ትልቅ ሕክምና ሲከፍት፣ በዙሪያው ብዙ አፓርታማ ወራሽ አጥቶ ነበር።

ቀጥሎ ገንዘብ መጣ። በ1991 የዩ ጎዳና ባቡር ጣቢያ ተከፈተ። በ2000 ፒ ጎዳና ላይ ሆል ፉድስ ገባ። በ2005 የእኛ ነጋዴዎች 9ኛ ጎዳና «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ሰይማለች። እዚህ ግን የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች «ይህ የእኛ ታሪክ ነው» ብለው ተቃወሙ። ተናደድን። እነሱም እውነት ነበራቸው፤ በ1970 ከከተማዋ ሕዝብ ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር ነበር፣ በ2020 ግን 41 በመቶ ገደማ። ላምዳ ራይዚንግ ራሱ በጃንዋሪ 2010 ተዘጋ። ሰፈር የሠራው ሰው ሰፈሩ ሲያምር አቅም ያጣል። ዋጋ «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ስንት አለህ?» ነው የሚለው። ይህን መጠየቅ የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም።

ሦስተኛ ፎቅ

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። እንደ ደንቡ ቤት ሲታይ ሻጭ አይገኝም። እኚህ ሻጭ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መውረድ አልቻሉም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይቅርታ ጠየቁን። ጋሼ ከየት እንደሆኑ ሲነግሯቸው ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ 18ኛ ጎዳና በእጅ የበሉትን ዶሮ ወጥ አነሡ። ጋሼም በ1985 ፒ ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ይሠሩ እንደነበር ተናገሩ። ሁለቱ የአንድ ጎዳና ሰዎች ኖረዋል። እኔ ኩሽናውን ለካሁ።

የቤቱን ሰነድ አስቀድሜ አይቼው ነበር። በ1986 የተጻፈ ነው፤ ሁለት የወንድ ስም አለበት፣ ቀጥሎም አንዱ ሲሞት ድርሻው ለቀሪው እንዲያልፍ የሚያደርግ ቃል። ያ አንድ መስመር ባይኖር ኖሮ፣ ያለ ኑዛዜ የሟቹ ድርሻ ለሥጋ ዘመዶቹ ይሄድ ነበር፤ ለነሱ ጋብቻ በዲሲ የተፈቀደው በ2010 ነውና። ሟቹ የሞተው በ1991 ነው። ይህን ለጋሼ የነገሯቸው ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

ስንወርድ ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በ1975 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የአባታቸው ሁለት ቤት ተወርሷል። «ወረቀት» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰው ቤት ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። የሚኖረው ወረቀት ላይ ነው።»

ቤቱን አላገኘነውም። ሙሉውን በካሽ የሚከፍል ሰው ከኛ በላይ አቀረበ። ልጅቷ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገዛች፤ እንደ አብዛኞቻችን። በውሉ መፈራረሚያ ቀን ጋሼ ወደ ጎን ወስደው «ስለዚያ ሰፈር ጎረቤቶች እኮ አልነገርከኝም» አሉኝ።

«አልችልም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ። ሽማግሌው ደረጃ የሌለው ቤት አገኙ?»

ይህን የሚከለክል ሕግ ስለሌለ መለስኩላቸው። አግኝተዋል፤ ከከተማው ውጪ።

ቸር እንሰንብት።