ንጉሥ ሚካኤልና ዘመዶቻቸው

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ጉባኤው የቤተ ክህነቱን ክርክር ከዳኘ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ። ከባላባቶቹ አንዱ የኢማም አሊ አባ ቡላ ልጅ መሐመድ አሊ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኑላቸው፣ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ።

ለንጽጽር ያህል፣ በጀርመን ምድር በ1555 እ.ኤ.አ. የአውግስቡርግ ስምምነት የሕዝቡን ሃይማኖት በገዥው መስፍን እጅ አድርጎት ነበር። በወሎ ግን መስፍኑ ራሱ መራጭ አልነበረም፤ ትእዛዙ ከበላዩ የመጣ ነው። እምቢ ያሉም ነበሩ። ሼህ ጠልሃ ጀዕፈር ተከታዮቻቸውን አስከትለው መሣሪያ አንሥተዋል። ይህን ሳናነሣ የሚካኤልን ሹመት ብቻ ብንተርክ የወሎን ሕዝብ እንበድላለን።

ሚካኤል ራስ ተብለው ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ ያለው አገር በእጃቸው ነበር። በ1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ለምኒልክ ገቡ። ምኒልክም ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን ዳሩላቸው፤ ልጅ ኢያሱ የተወለደው ከዚህ ጋብቻ ነው። በ1888 የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው አድዋ ዘመቱ።

የእኚህ ሰው ኃይል ከጦሩ ይልቅ በጋብቻ የተገመደ ይመስለኛል። ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው መነንን ወለዱ። በ1903 መነን የደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ሚስት ሆኑ። በዚህ ላይ ልጅ ኢያሱ የምኒልክ አልጋ ወራሽ ነበር። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኢያሱ አባቱን ንጉሠ ወሎ ወትግራይ አድርጎ ደሴ ላይ አነገሠ። የአይጠየፍ አዳራሽ የዚያን ዘመን ክብር ዛሬም ለደሴ ሰው ይመሰክራል።

ግን ዘመድ ሁሉ ከጎናቸው አልቆመም። መስከረም 17 ቀን 1909 የሸዋ መኳንንት ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን አነገሡ፤ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ዘውዲቱ የሸዋረጋ እኅት፣ ተፈሪ የመነን ባል ናቸው። ንጉሡ ለልጃቸው ዙፋን ሲሉ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑልሰገድም ወደቁ። ከቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ድሉ ተገለበጠ። የሚደርስልኝ ብለው ተስፋ ያደረጉት የኢያሱ ጦር በጊዜው አልደረሰላቸውም። ንጉሡ ተማረኩ፤ አዲስ አበባ ላይ በሰንሰለት ታስረው በሚስታቸው እኅት ፊት አለፉ።

ብዙ ሰው ንጉሥ ሚካኤልን «የኢያሱ አባት» ብሎ ብቻ ያልፋቸዋል። እኔ ይህን አልቀበልም። በሁለት ነገሥታት ሥር ወሎን ይዘው የቆዩ፣ ደሴን የመንግሥት ከተማ ያደረጉ፣ ለልጃቸውም ያላቸውን ሁሉ የሰጡ መሪ ናቸው።

ጳጉሜን 3 ቀን 1910 እስር ላይ እያሉ አረፉ። ኢያሱም ዓመታትን በእስር አሳልፎ በ1928 ሞተ። የስሂን ልጅ መነን ግን በ1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከባላቸው ከተፈሪ ጋር ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ፤ ከእሳቸው በተወለዱት ልጆችም የወሎው ንጉሥ ደም ሰገሌ ላይ ባሸነፏቸው ሰዎች ቤት ቀጠለ።