ዓመት ያልሞላው ተጋድሎ

ከድል በኋላ በአርበኞች ደረት ላይ ከዋሉት ሽልማቶች መካከል ሕዝቡ አጥብቆ የሚያውቀው በጥብጣቡ ላይ የዘንባባ ቅጠል የሚጨመርበት የአርበኝነት ሜዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ዘንባባ በዱር በገደል የታለፈ የአንድ ዓመት ምስክር ስለ ሆነ፣ «ባለ 5 ዘንባባ» የተባለ ሰው የመከራውን ዘመን ሁሉ ሳይንበረከክ መፈጸሙ ሌላ አስረጅ ሳያሻው ይታወቃል። ሥርዐቱ ቅን ነው። ነገር ግን በዓመት ቍጥር የማይመዘን ጀግንነት መኖሩን ሊመረምር የሚወድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሆለታ ፊቱን ይመልስ።

በሆለታ ገነት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ ሁለት ወር ሳይሞላ በጥር 1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህራኑም በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ ፊደል የቈጠሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሆነ በኋላ የጠላትን ግስጋሴ በጣርማ በር እንዲገቱ ታዘዙ፤ ዳሩ ግን ግንባሩ ሁሉ በፈረሰበት ሰዓት አንድን በር ለጥቂት ወጣቶች ማስጠበቅ ከዐቅም በላይ ነበርና አልተሳካም። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

እዚህ ላይ ጦሩ ተበትኗልና ወደየቤታቸው ቢመለሱ ማንም ባልፈረደባቸው። እነርሱ ግን ወደ ምዕራብ ወጥተው ለቀምት ላይ ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነና ከሌሎች ምሁራን ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩ ሕግ ገበሬውን መበደልን፣ ምርኮኛን ማንገላታትን፣ ወደ ባዕድ አገር መሰደድንም ይከለክል ነበር። መንግሥት በሌለበት፣ ስንቅ ባልተሰናዳበት ዱር ውስጥ እንዲህ ያለውን ሕግ በራስ ላይ ማጽናት፣ ለእኔ ከተኩሱ የማያንስ ጀብዱ ነው።

በሰኔ ወር የኢጣልያው ጀኔራል ማሊዮኮ በአውሮፕላን መጥቶ በለቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ዐረፈ፤ ሐሳቡ የአካባቢውን ባላባቶች በቃል አግባብቶ ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። ከእርሱ ጋር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቪየና ድረስ በርሮ ዝናን ያተረፈው፣ በብዙ ሜዳይ ያጌጠው አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበረ። የሆለታው ዕጩ መኮንን ክፍሌ ነሲቡና ጓደኞቹ ይህን በሰሙ ጊዜ አልዘገዩም፤ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሳይነጋ ከሠፈሩ ላይ ወድቀው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ጀኔራሉንና ሎካቴሊንም ገደሉ። ከመጡት መካከል ከአንድ ሚሲዮናዊ ካህን በቀር የተረፈ አልነበረም። ወራት ሙሉ ከሰማይ ቦምብና መርዝ ሲዘንብባት ለከረመች አገር፣ እግረኛ ወታደር አውሮፕላንን በምድር ላይ አመድ ማድረጉ ምን ያህል መጽናናት እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። ኢጣልያ በበኩሏ ሟቿን አልዘነጋችም፤ በሲሲሊ የሚገኘው የኮሚሶ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዘመን በማሊዮኮ ስም ሲጠራ ኖሯል።

ጥቁር አንበሶች ከዚያ ወዲያ ልዑል ራስ እምሩን መሪ አድርገው ሲጋደሉ ከርመው፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ፤ ራስ እምሩም እጃቸውን ሰጥተው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። የካቲት 12 ቀን በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር የጠላት ቍጣ በተማሩት ወጣቶች ላይ ዞረ፤ ክፍሌ ነሲቡም በዚሁ መቅሠፍት ተገደለ። ከማይጨው እስከዚያች ዕለት ሲቈጠር አሥራ አንድ ወር እንኳ አይሞላም። በእኔ ፍርድ ግን የእነዚህ የሆለታ ልጆች ክብር ከባለ 5 ዘንባባው አያንስም።