በሩ ተከፍቶ ሳለ

ከጓደኞቻችን ጋር ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ «መውጣት» ላይ። አንዱ ቪዛ ተመታለት፣ ሌላዋ ስኮላርሺፕ አግኝታ ሄደች፣ ያኛው ለስብሰባ ብሎ ወጥቶ እዚያው ቀረ። በማንም አንፈርድም። እኛም ብንሆን ፓስፖርታችንን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠን ቀን የምንጠብቅ ነን።

ታዲያ ስለ እምነት ጽናት እንጻፍ ስንባባል ትዝ ያለን መውጫው በር ተከፍቶላቸው ያልወጡት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። ወደ ቅስና ከመግባታቸው በፊት ነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል። በኋላ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄደው ሥነ መለኮት ተማሩ፤ ሲጨርሱም ተመለሱ። በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ሰውየው ዝም ብለው የሚጸልዩ ብቻ አልነበሩም። እርሳቸው ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደፋር ደብዳቤ ጻፈች። የምዕራቡ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው «የሰውን ሥጋና ነፍስ ለሁለት አትክፈሉብን» የሚል መንፈስ ነበረው። ከሚረዳህ ሰው ጋር እንዲህ ፊት ለፊት መነጋገር ቀላል አይደለም።

ደርግ ሲመጣም ቄስ ጉዲና ለውጥን የፈሩ ሰው አልነበሩም። ስለ ድሃው፣ ስለ መሬት፣ ስለ ፍትሕ ቤተ ክርስቲያን ያገባታል ባይ ነበሩ። አልስማማ ያላቸው ሌላ ነገር ነው፤ መንግሥት በእግዚአብሔር ቦታ ሲቀመጥ። የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ተቀራርበው በጋራ እንዲቆሙም ይጥሩ ነበር። ይህ ደግሞ ከፋፍሎ መግዛት ለለመደ ሥርዓት የሚጥም አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ወዳጆቻቸው በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፤ መንጋው በመከራ ላይ ሳለ እረኛው ጥሎ አይሄድም።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ጉባኤ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ታጣቂዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን በዚያው ሌሊት ለቀቋቸው። ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም።

በዚያው ክረምት፣ በዚያው ከተማ ሌላ አባትም ተገድለዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ደርግን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ ሦስት ዓመት ያህል ታስረው ያለ ፍርድ ተገደሉ። በዶግማ የማይገናኙ ሁለት የሃይማኖት መሪዎች በአንድ ክረምት አንድ ዓይነት ሞት ሞቱ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቄስ ጉዲናም በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት በክብር ዐረፉ። ዛሬ ስለ ሃይማኖት ስንከራከር ድምፃችን ጣራ ሲነካ ይህን ማስታወሱ አይከፋም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆመው ግን ያጎድልብናል። ስለ ጽናት ሲወራ የምናስታውሰው የሞተውን ነው። በሕይወት ቆይቶ የጸናውንስ?

ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸው ከተወሰዱ ከወራት በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ራሳቸው ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እስር ቤት ቆዩ። ልጆቻቸው በዚያ ሁሉ ዓመት ያለ አባትም ያለ እናትም ቀሩ። ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ ሳያረጋግጡ አሥራ ሦስት ዓመት ጠበቁ። እንዲያም ሆኖ እምነታቸውን አልጣሉም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፣ ያንኑ አምላክ ሲያመሰግኑ ኖሩ።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ ለልጆቻቸው ሲሉ ቢወጡ ምን ነበረበት?» ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው፤ ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ደግሞም መውጣት ሁሉ ክህደት አይደለም። ድንግል ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ ተሰደዋል፤ የሄሮድስ ሰይፍ እስኪያልፍ ድረስ መሸሽ የተባረከ ሥራ ነበር። ቄስ ጉዲናም ቢወጡ ኖሮ ማንም ከሃዲ አይላቸውም ነበር።

ተከራክረን ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው። ጽናት አገር ውስጥ መቆየት ወይም መውጣት አይደለም። ሰው አደራውን ማን እንደ ሰጠው ማወቁ ነው። ቄስ ጉዲና አደራቸው መንጋው እንደሆነ ስላወቁ በሩ ተከፍቶ ሳለ ቆሙ። ወይዘሮ ፀሐይ ደግሞ በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ሳለ ቆሙ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ አይመስለን።

በ1951 ዓ.ም. በ20,000 ገደማ ምእመናን የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት። ይሁንና ሁለቱ ሰዎች ይህን ቁጥር አይተው አልጸኑም። ያኔ ይታያቸው የነበረው የሚዘጋ ቤተ ክርስቲያንና የሚታሰር ምእመን ነው።

የእኛ ፈተና እንደ እነርሱ አይደለም። ጥቅስ ስልካችን ላይ ለጥፈን፣ ቢሮ ውስጥ ሐሰተኛ ደረሰኝ ፈርሙ ስንባል የምንፈርም ነን። ጓደኛችን ሲታማ አብረን የምንስቅ ነን። ማንም ሽጉጥ ሳይደግንብን የምንተወው እምነት ብዙ ነው።

ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ግድ የለም። አደራችን ምን እንደሆነ ግን ማኪያቷችን ሳይቀዘቅዝ ብንነጋገርበት ይሻላል።