ከማዕድን ወደ መስተዋት

ሐራ ላይ ልጅ በትምህርቱ ሲገፋ ዘመድ አዝማዱ «መሐንዲስ ሁንልን» ቢለው አይገርምም፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ያየ አገር ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ልጁን ማን ጠየቀው?

ታሪክ አንድ ምስክር ትሰጠናለች። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ግን የሥዕል ተሰጥዎውን መምህራኑ አዩለት፤ እሱም ልቡን ሰምቶ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ላይ ካሳየ በኋላ «በቃኝ፣ ስም አገኘሁ» ብሎ አልተቀመጠም፤ እንደገና አውሮፓ ተሻግሮ የመስተዋት ሥዕል ሥራን አጠና። በአፍሪካ አዳራሽ በሦስት ክፍል ተሠርቶ የቆመው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የዚያ ድካም ፍሬ ነው። የትናንቷን፣ የዛሬዋንና የነገዋን አፍሪካ ያሳያል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሚወዱት ሥራ ቢገኝም ገና መማርን ይጠይቃል። ምሕንድስና የሚወድ ልጅ ሐዲዱን ይዘርጋ። ሥዕል የሚወደውን ግን «ተው» ከማለታችን በፊት፣ እስቲ መጀመሪያ እጁን እንይለት!